የባሕር ካያክ ከመጽሐፍ ይለመዳል? አንድ ጥያቄና 41 መልስ

ጥያቄውን በኢንተርኔት የቀዛፊዎች መወያያ ላይ ያነሳው ጀማሪ ነው። ያገለገለ የባሕር ካያክ፣ ቀጭን የመቅዘፊያ ጀልባ፣ ገዝቷል። ርዝመቱ 5 ሜትር ገደማ ሲሆን ወርዱ ከ60 ሳንቲ ሜትር በታች ነው። መጽሐፎችም ሰብስቦ ከዳር እስከ ዳር አንብቧቸዋል። አስተማሪ መቅጠር ግን አላሰኘውም። ከመጽሐፉ እያየ፣ ውሃ ላይ እየሞከረ፣ ራሱን በራሱ ማሰልጠን ነው ያሰበው። ይህ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ፤ ከተቻለም በየትኛው ምዕራፍ ቢጀምር እንደሚሻል። ልቡ ያለው ሮል ላይ ነው፤ ተገልብጦ፣ ከጀልባው ሳይወጣ፣ በመቅዘፊያውና በዳሌው ተመልሶ መቃናት። ወደ መጨረሻው ላይ ዋና እንደሚችልና ላይፍ ጃኬቱን ከኋላው ዴክ (የጀልባው የላይኛው ገጽ) ላይ በላስቲክ አስሮ እንደሚይዘው ጣል አድርጓል።

ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ እየረዘመ 41 መልስ ደረሰ። ዋና ዋናውን በተራ እተርከዋለሁ። ድግግሞሹንና ስድቡን እዘላለሁ።

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። ወንድሜ እያለ ተቀበለው። መጽሐፍ ማንበቡን አደነቀና ሮሉን ለጊዜው እንዲተወው መከረ። በእሱ አስተያየት ጀማሪ መጀመሪያ የሚማረው መገልበጥንና መውጣትን ነው። ወገብ በሚደርስ ጸጥ ያለ ውሃ ውስጥ፣ አጠገቡ ሰው አቁሞ።

2ኛዋ ያንኑ ዘርዝራ ጻፈችው። ከክሩ ሁሉ ለእኔ ምርጡ የእሷ ነው። ካያክ ሲገለበጥ የሰው ደመ ነፍስ ወደ ኋላ ተለጥጦ ፊቱን ወደ አየር ማውጣት ይፈልጋል። እሷ ደግሞ ተቃራኒውን አድርግ ባይ ናት። ወደ ፊት መጎንበስ፣ ግንባርን ወደ ዴኩ ማስጠጋት። ከዚያ በሁለቱም እጅ የጀልባውን ጎን ከውጭ መምታት። አጠገብ ያለው ሰው ድምፁን ይሰማል፤ የተገለበጠውም ትንሽ ይረጋጋል። ቀጥሎ እጆች የመቀመጫውን አፍ ጠርዝ እየዳሰሱ ወደ ፊት ይሄዳሉ። እዚያ ወገብ ላይ ታስሮ የመቀመጫውን አፍ የሚከድነው ስከርት መጎተቻ አለ። መጎተቻውን መጀመሪያ ወደ ጀልባው አፍንጫ መግፋት፣ ከዚያ ከዴኩ ማላቀቅ። ስከርቱ ሲለቅ ሁለቱንም መዳፍ ዳሌ አጠገብ ጠርዙ ላይ አሳርፎ ልክ ሱሪ እንደማውለቅ ተገፍቶ መውጣት። ሲነበብ ረጅም ነው፤ ሲሠሩት ግን ጥቂት ሰከንድ ነው። ከወጡ በኋላ ጀልባውንም መቅዘፊያውንም አለመልቀቅ። ነፋስ ካለ ባዶ ካያክ ከዋናተኛ ይፈጥናል።

3ኛው የ2ኛዋን ጽሑፍ አመሰገነና አንድ ነገር ጎድሏል አለ። መጎተቻው ከውጭ ካልሆነ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ስከርቱን ሲገጥሙ መጎተቻው ወደ ውስጥ ታጥፎ ይቀራል፤ በተለይ ሲጣደፉ። ስለዚህ ከዳርቻ ከመልቀቅ በፊት በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ ጨብጦ ማረጋገጥ። ድንገት ቢጠፋም ዳሌ አጠገብ ያለውን የስከርቱን ጨርቅ ጨምድዶ መሳብ፣ ወይም ጉልበትን ወደ ላይ አጥብቆ መግፋት ይሠራል። መጀመሪያ ያለ ስከርት፣ ቀጥሎ በስከርት መለማመድ እንደሚሻልም ጨመረ።

4ኛው ሁለት መስመር ብቻ ጻፈ። ወይ አስተማሪ ይቅጠር፣ ወይ ካያኩን ይሽጥ። ሰላምታ እንኳ የለውም።

ነገሩ መሞቅ የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

5ኛው ለ4ኛው መልስ የሰጠው በታሪክ ነው። ኦስትሪያዊው ኤዲ ሃንስ ፓውላታ እ.ኤ.አ. በ1927 ሮልን የለመደው ወደ ግሪንላንድ የሄዱ ተጓዦች የጻፉትን እያነበበ ነው። አጠገቡ ቆሞ ዳሌህን እንዲህ አድርግ የሚለው ሰው አልነበረም። ዛሬም ድረስ በስሙ የሚጠራ ሮል አለ፤ የመቅዘፊያውን አንድ ጫፍ ይዞ ሌላውን አርዝሞ የሚሠራው። ስለዚህ በመጽሐፍ አይቻልም ማለት ታሪክ አለማወቅ ነው ብሎ ዘጋ።

6ኛዋ አረመችው፤ በጨዋነት ግን ጠንከር አድርጋ። ፓውላታ የሚታወቀው ከአውሮፓውያን መካከል ቀድሞ በመልመዱ ነው እንጂ ሮሉን ስለፈጠረ አይደለም። ኢኑይት የሚባሉት የግሪንላንድ ነባር ሕዝብ አዳኞች ከእሱ በፊት ስንት ትውልድ ሲሠሩት ኖረዋል። የሚለብሱት ቱይሊክ የሚባል ልብስ አቆስጣ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ቁርበት ይሰፋል፤ ከጀልባው አፍ ጋር ይታሰራል። በዚያ በረዷማ ባሕር ከጀልባ ወጥቶ መዋኘት ማለት መሞት ነው። ስለዚህ ሮል ለእነሱ ትርኢት አልነበረም። የሚማሩትም ከልጅነት ጀምሮ ከታላላቆቻቸው እንጂ ከወረቀት አይደለም። ፓውላታ ያነበባቸው መጽሐፎች ራሳቸው የእነዚያ ሰዎች ዕውቀት ቅጂ ናቸው።

7ኛው ሌላ ስም አመጣ። እንግሊዛዊው ጂኖ ዋትኪንስ። እ.ኤ.አ. በ1930 እና 1931 በግሪንላንድ የምርምር ጉዞ መርቷል። ካያክንና ሮልን የተማረው ከአገሬው ሰዎች ከራሳቸው ነው። ግን በነሐሴ 1932 ብቻውን ለአደን ወጣ። ካያኩ ባዶውን ተገኘ፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ዕድሜው 25 ነበር። 7ኛው ይህን ያነሳው ምርጥ አስተማሪ ያለውም እንደሚሞት ለማሳየት ነው። ለ4ኛው መሆኑ ነው።

8ኛው ነገሩን ገለበጠው። ዋትኪንስ ብቻውን መውጣቱ ነው ታሪኩ፣ አስተማሪውማ ምን አጠፋ? ጠያቂውም ብቻዬን አለ እንጂ ሌላ ምን አለ? 7ኛው የራሱን ክርክር በራሱ ምሳሌ አፈረሰ ብሎ ተሳለቀበት። 7ኛውም ዝም አላለም። ይህን ክፍል እዘለዋለሁ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ሁለቱም መሸነፍ አልፈለጉም።

ይህን ሁሉ ሲከራከሩ ስለ ላይፍ ጃኬቱ ማንም አላነሳም። ያየችው 9ኛዋ ነች። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ማንም አላነበበም እንዴ ብላ ሁሉንም ወረደችባቸው። ዴክ ላይ የታሰረ ጃኬት ዕቃ ነው። ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ በሞገድ እየተናጡ፣ ጃኬት ፈትቶ ለብሶ መቆለፍ የሚቻል የሚመስለው ካለ ዛሬውኑ ጥልቀት በሌለው ውሃ ይሞክረው። ጠያቂው በ10ኛው መልስ ተመለሰና ለራሱ ተሟገተ። ዋና የተማረው በልጅነቱ ነው፤ ጃኬቱ ክንዱን ይዞታል፤ መቅዘፍ አላመቸውም።

ለዚህ የመጣው 11ኛው መልስ ብዙዎችን ጸጥ አሰኘ። ጸሐፊው የቀዝቃዛ ውሃን ጉዳይ ያውቃል፤ አጻጻፉ ያስታውቃል። ካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ጎርደን ጊስብሬክት ያስተዋወቀውን 1፣ 10፣ 1 የሚባለውን መመሪያ አስረዳ። በረዶ ቀመስ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ ያህል አለው። መጀመሪያ ሳያስበው በኃይል አየር ይስባል፤ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃ ይስባል። ከዚያ ጣቱና ክንዱ የሚታዘዙለት 10 ደቂቃ ያህል ነው። ከቅዝቃዜ የተነሳ ራሱን እስኪስት ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ስለዚህ ልብስ የሚመረጠው በአየሩ ሙቀት አይደለም፤ በውሃው ነው። ፀሐይ ወጥታ ውሃው ግን የሚቀዘቅዝበት ወቅት ነው ሰው በካናቴራ ወጥቶ የሚቀረው።

12ኛው ቁጥሮቹን እንደ ሰዓት ቆጣሪ አትያዟቸው ብሎ አስተካከለ። ሰው ከሰው፣ ውሃ ከውሃ ይለያያል። ዋናው ነጥብ ግን ሌላ ነው አለ። 1 ሰዓቱ የሚሠራው ጃኬት ለለበሰ ሰው ብቻ ነው። ያለ ጃኬት 10 ደቂቃው ሲያልቅ ክንድ አልታዘዝ ይላል፤ ዋናተኛም ይሰጥማል። ከሙቀት ማጣት በፊት መስጠም ይቀድማል። 13ኛዋ ደግሞ ክንዱን የያዘው ጃኬቱ ሳይሆን ዓይነቱ ሳይሆን አይቀርም አለች። ለቀዛፊ የተሠራው የክንድ ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ ጀርባውም አጭር ስለሆነ ወንበሩ አይገፋውም። ይህች አጭር መልስ ከስብከቱ ሁሉ ይልቅ የጠያቂውን ልብ ያገኘች ይመስለኛል። 14ኛው መልስ የእሱ ነው፤ አመሰገናት። ስለ መዋኘቱ ግን ትንፍሽ አላለም።

ከ15 እስከ 19 ስለ ነፋስ ነው። 15ኛው ያጋጠመውን ጻፈ። ዳርቻው ላይ ውሃው መስታወት መስሎ ነበር። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ነው። ገደሉ ከለላ ስለሆነው አልተሰማውም። ትንሽ ወጣ ሲል ነፋሱ ከኋላው ይገፋው ጀመር። ፍጥነቱ ደስ አለው፤ ጎበዝ የሆነ መሰለው። ሊመለስ ሲዞር ነው የገባው። የቀዘፈውን ያህል ሳይሄድ፣ ሞገዱ ፊት ለፊት እየረጨው፣ ክንዱ ዝሎ ነው የደረሰው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይኸው ነው ብሎ አበቃ።

16ኛዋ ያንን ከአንድ የታወቀ አደጋ ጋር አያያዘችው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1993 በደቡብ እንግሊዝ፣ «ላይም ቤይ» በሚባል ባሕረ ሰላጤ፣ ተማሪዎች ከአስተማሪያቸውና ከሁለት አሠልጣኞች ጋር በባሕር ዳር አጭር ጉዞ ወጡ። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ነበር። ተበታተኑ፣ ተገለበጡ፣ ወደ ውጭ ተገፉ። አራት ተማሪዎች ሞቱ። በዚያ ምክንያት በ1995 እንዲህ ያሉ የወጣቶች ማሠልጠኛዎችን የሚቆጣጠር ሕግ ወጣ። 4ኛውን በስም ሳትጠራ ነካ አደረገችው፤ አሠልጣኝ መኖሩ ብቻውን ዋስትና አይደለም፣ ጥያቄው አሠልጣኙ ምን ያውቃል ነው። 4ኛውም 17 ላይ ተመለሰ። በዚህኛው ጊዜ ሰላምታ ነበረው። ብቁ አሠልጣኝ ማለቱ እንደሆነ ተናገረ። ትንሽ በረድ ብሏል።

18ኛው ሒሳብ አመጣ። ጀማሪ በምቾት የሚቀዝፈው 3 ኖት ያህል ነው፤ በሰዓት 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ። ፊት ለፊት 2 ኖት የሚሄድ የውሃ ጅረት ቢመጣበት ወደፊት የሚሄደው በ1 ኖት ብቻ ነው። 3 ኪሎ ሜትር ለመመለስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፤ የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የነፋስ ኃይል በሚለካበት በቦፎርት መለኪያ 4 ማለት ከ11 እስከ 16 ኖት ነው፤ የሞገዱ ራስ በብዛት የሚነጣበት። ጀማሪ ያን ሲያይ ዳርቻ ላይ ሻይውን ቢጠጣ ይሻለዋል። 19ኛዋ ነፋስና ጅረት ሲጋጩ ሞገዱ አጥሮ ቀጥ እንደሚል አስታወሰች። ያው ነፋስ በጅረቱ አቅጣጫ ሲነፍስ ለስላሳ የነበረው ባሕር ጅረቱ ሲዞር ሌላ ባሕር ይሆናል።

20ኛው የባሕር ሙላትና ጉድለት የሚሰላበትን የአሥራ ሁለተኛ ሕግ ጻፈ። ከሙላት እስከ ጉድለት ያለውን ስድስት ሰዓት ያህል ብንከፍለው፣ በመጀመሪያው ሰዓት ከ12 አንድ እጅ ይወርዳል፣ ከዚያ ሁለት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ልዩነቱ 6 ሜትር በሆነበት ቦታ በመጀመሪያው ሰዓት ግማሽ ሜትር፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ግን በእያንዳንዱ አንድ ሜትር ተኩል ይወርዳል ማለት ነው። መሃሉ ላይ ነው ውሃው የሚሮጠው። 21ኛው አረመው። ሕጉ ግምት ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ በሚጎድልበት ባሕር እንጂ በቀን አንዴ ብቻ በሚሞላበት አይሠራም። ደግሞ የሚነግረን ከፍታን ነው። ጅረቱ የሚዞርበት ሰዓት ከሙላቱ ሰዓት ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ለዚያ የአካባቢውን ሰንጠረዥ ማየት ነው። አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ አካባቢ ልዩነቱ እንደሚሰፋም ጨመረ።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገዱን ሳተ። 22ኛው ስለ ግሪንላንድ ቀጭን የእንጨት መቅዘፊያ አነሳ፤ 23ኛው ሰፊውን ደገፈ። አንዱ ስለ ፕላስቲክና ፋይበርግላስ፣ ሌላው ከኋላ ወደ ውሃ ስለሚወርደው ስኬግ የሚባል ክንፍና በእግር ስለሚዞረው መሪ። ማንም ማንንም አላሳመነም። 27ኛው ጀርመናዊውን ሐኪም ሃንስ ሊንደማንን አመጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1956 በታጣፊ ካያክ አትላንቲክን በ72 ቀን የተሻገረውን። 28ኛው ኦስካር ስፔክን ጨመረ፤ በ1932 ከጀርመን ወጥቶ በ1939 አውስትራሊያ ሲደርስ ጦርነት ስለተነሳ የታሰረውን። ደስ የሚሉ ታሪኮች ናቸው፤ እኔም ወደድኳቸው። 29ኛዋ ግን ተቆጣች። ጀማሪ መገልበጥ ሳይለምድ ስለ አትላንቲክ ምን ያወሩበታል? ተስፋ ሰጥቶ ውሃ ውስጥ መክተት ነው ባይ ነች። ከእሷ በኋላ ስለ ውቅያኖስ ያነሳ የለም።

30ኛው ወደ ነገሩ መለሰን። ትከሻው የወለቀበት ሰው ነው። መጽሐፉ ላይ ያየውን ምስል ተከትሎ፣ ሊገለበጥ ሲል መቅዘፊያውን ከራሱ በላይ ዘርግቶ ውሃውን ሊደገፍ ሞከረ። ሞገዱ መቅዘፊያውን ወሰደው፤ ክንዱም አብሮ ሄደ። ምስሉ አላሳሳተም አለ። ክርን ዝቅ ብሎ ወደ ጎድን እንደተጠጋ መጽሐፉ ጽፎታል። እሱ ያነበበው ምስሉን ብቻ ነው። 31ኛዋ ደግሞ ተንሳፋፊ ከረጢት መቅዘፊያው ጫፍ ላይ ነፍቶ፣ በእሱ ተደግፎ ወደ ጀልባ መመለስን መዋኛ ገንዳ ውስጥ በደንብ ችላ ነበር። ሞገድ ላይ ስትሞክረው ከረጢቱን መንፋት እንኳ አቃታት። አንድ እጅ ጀልባ ይዟል፣ አንድ እጅ መቅዘፊያ፣ አፍ ውስጥ ጨው።

32ኛው መልስ የእኔ ነው። የጻፍኩት ከብዙዎቹ ጋር አልገጠመም። አብዛኛው ሰው ቅዘፋን ከመጽሐፍ፣ ማስተዋልን ከልምድ እንማራለን ይላል። እኔ ተቃራኒው ይመስለኛል። የዳሌ እንቅስቃሴ፣ ሚዛን፣ የሰውነት መዞር ከገጽ ላይ አይወጡም። ሮል ውስጥ ራስ መጨረሻ ይውጣ የሚለውን መቶ ጊዜ ብታነብ ራስህ ቀድሞ ይወጣል፤ ያኔ ተመልሰህ ትገባለህ። ማስተዋልን ግን ከልምድ ልማር ያለ ሰው ለእያንዳንዱ ትምህርት የሚከፍለው በነፍሱ ነው። የነፋስ አቅጣጫ፣ የጅረት ሰዓት፣ የውሃ ቅዝቃዜ፣ መቼ አለመውጣት፤ እነዚህ ቁጭ ብለው፣ እግር ደርቆ፣ በካርታና በሰንጠረዥ የሚማሯቸው ናቸው። ስለዚህ ጠያቂው መጽሐፎቹን አይጣል። የሮሉን ምዕራፍ ዘግቶ የአየር ጠባዩን ይክፈት።

33ኛው በከፊል ተስማማ። 34ኛው ግን በቀጥታ ተቃወመኝ። በካርታ ያየኸውን ጅረት ውሃው ላይ ካላየኸው አታውቀውም አለ። ከዳርቻ ተቀምጦ ውሃው መቼ እንደሚዞር መመልከት፣ በመጽሐፉ ከተሰላው ሰዓት ጋር ማስተያየት፤ ያም ልምድ ነው። ይህን እቀበላለሁ፤ ለዚያም መጀመሪያ ስሌቱ ያስፈልጋል።

35 ላይ ጠያቂው ብቅ አለ። ሞክሮታል። ደረት በሚደርስ ውሃ ወንድሙን አጠገቡ አቁሞ፣ ሰፊ ክንድ ያለው ጃኬት ለብሶ። መጀመሪያ ወደ ኋላ ተለጠጠና ጀርባው ጠርዙ ላይ ተጋጨ። ቀጥሎ 2ኛዋ እንዳለችው ጎነበሰ፤ ወጣ። ስከርት ሲጨምር ልቡ ደረቱን ሊበጥስ ደርሶ ነበር፤ ግን መጎተቻውን እጁ አገኘው። አፍንጫው ግን በውሃ ተሞልቶ ራሱን አሞታል። 36ኛዋ የአፍንጫ መቆንጠጫ አሳየችው፤ መነጽር ብትጨምር ዓይንህን ገልጠህ ትማራለህ አለችው። በኋላ ግን ያለ እነሱም መለማመድ እንዳለበት 37ኛው ተናገረ። ባሕሩ አስጠንቅቆ አይገለብጥም።

38ኛው ሁለት ሰው ሆኖ ማዳንን ዘረዘረለት። አዳኙ የተገለበጠውን ካያክ አፍንጫ ይይዛል፤ ዋናተኛው ወደ ጀልባው ጭራ ሄዶ ይጫናል። አፍንጫው ወደ አዳኙ ዴክ ሲወጣ ውሃው ይፈስሳል። ከዚያ ያቃኑታል፣ ጎን ለጎን ያደርጉታል፣ አዳኙ አጥብቆ ሲይዝ ሰውዬው አንድ እግሩን አስገብቶ ይወጣል። 39 ላይ ጠያቂው መቼ ከዳርቻ ቢርቅ እንደሚሻል ጠየቀ። 40 ላይ 4ኛው መለሰለት፤ ያ አጭሩ ሰውዬ። ረጅም ጻፈ። ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ ቀስ ብሎ ሲነፍስ፣ ዋኝቶ ሊመለስ ከሚችለው ርቀት ሳያልፍ፣ ሌላ ቀዛፊ ይዞ። የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ሰዓት ለሰው ነግሮ። የባሕር ሬዲዮው ቻናል 16 ለጭንቅ ጥሪ መሆኑን አውቆ፤ ሬዲዮውንም ዴክ ላይ ሳይሆን ጃኬቱ ላይ አድርጎ።

41ኛው ሌላ ካያክ ስለሚጎተትበት ገመድ ርዝመት ጠየቀ። ያ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ አዲስ ክር ክፈት ተባለ።